ከኮምቦልቻ ጎዴ በአውሮፕላን፦ 710 ኪሎሜትሩ እውነት በ1 ሰዓት ከ20 ያልቃል?

የኤፍራታው (ጥያቄ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አጣዬ ነው። እህቴ ጎዴ ውስጥ በነርስነት ትሠራለች፤ የሚመጣው ወር መውለጃዋ ነው። እናታችን ደግሞ ሄጄ ካላረስኳት ብላ ተነስታለች። ዕድሜዋ ወደ ሰባው ተጠግቷል፤ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ብቻዋን አልሰዳትም፤ ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ።

በመኪና የሚለውን ከወዲሁ ትተነዋል። ከአዲስ አበባ በሐረር፣ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ ደሃር አድርጎ ጎዴ ለመድረስ ብቻ ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው። ለእሷ ወገብ አይሆንም። ስለዚህ በአየር ነው። ለእኛ ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ ኮምቦልቻ ነው፤ በከሚሴ በሐርቡ አድርጎ ከመቶ ኪሎሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቦሌ ግን ወደ 270 ኪሎሜትር ይርቀናል።

ስልኬ ላይ የአየር ርቀት የሚያሰሉ ገጾችን ከፍቼ ከኮምቦልቻ ጎዴ ብዬ ፈለግኩ። አንዱ 711 ኪሎሜትር፣ የበረራ ጊዜ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አለኝ። ሌላው 442 ይላል። ሦስተኛው 384። ቲኬት ልፈልግ ስገባ ደግሞ በ1 ሰዓት ከ20 የሚያደርስ በረራ የሚባል ነገር የለም፤ የሚያመጣልኝ ሁሉ በአዲስ አበባ የሚያዞር ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም አዲስ አበባ የሚያሳድር።

እና የቱን ልመን? ከኮምቦልቻ ብንነሳ ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ሄደን ከዚያ እንብረር? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ለእናቴ የምነግራት ቁርጥ ያለ ነገር ቸግሮኛል።

ካርታ ወዳጅ

ማርያም በሽልም ታውጣት፤ መጀመሪያ እሱን ልበል።

ሦስቱም ቁጥር ልክ ነው፤ የሚለያዩት በመለኪያው ነው። 711ዱ ኪሎሜትር ነው። 442ቱ በየብስ ማይል ነው። 384ቱ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባህር ማይል ነው፤ አንዱ የባህር ማይል 1.852 ኪሎሜትር ነው። ስታባዛው ተመልሶ እዚያው 711 ላይ ይወድቃል።

ራስህ በወረቀት ልታረጋግጠው ትችላለህ። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.1 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፣ ጎዴ 5.9 ላይ። ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ ወደ ደቡብ 570 ኪሎሜትር ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ደግሞ 3.9 ዲግሪ ገደማ አለ፤ በእኛ አካባቢ የምሥራቅና የምዕራቡ ዲግሪ ትንሽ ጠበብ ስለሚል በ110 አባዛው፣ ወደ 425 ይመጣል። ከዚያ ትምህርት ቤት የተማርናት የፓይታጎረስ ስሌት ናት፤ ሁለቱንም በራሳቸው አባዝተህ ደምረህ ሥሩን ስታወጣ 710 አካባቢ ታገኛለህ። ገጾቹ የመሬትን ክብነት ቆጥረው በረቀቀ ስሌት ይሠሩታል፤ በዚህ ርቀትና ለምድር ወገብ በዚህ ያህል ስንቀርብ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሰዓቱ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ገጹ የበረራ መርሐ ግብር አይቶ አይደለም የሚነግርህ። ርቀቱን ለአንድ የጄት ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜ በሰዓት 800 ወይም 850 ኪሎሜትር፣ ያካፍልና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። 710ን ለ850 ስታካፍል 50 ደቂቃ፣ ሲደመርበት 1 ሰዓት ከ20። በመስመሩ ላይ በረራ ይኑር አይኑር ገጹ አያውቅም፤ ሁለት ነጥብ ስጠው፣ ያሰላልሃል። ደግሞ ወደ ትንንሾቹ ማረፊያዎቻችን በብዛት የሚበረው ጄት አይደለም፤ ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። እሱ ቢፈጥን ቢፈጥን በሰዓት 660 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ቀጥታ በረራ ቢኖር እንኳ አንድ ሰዓት ተኩል በል።

አሁን እውነተኛውን መንገድ እንየው። ከኮምቦልቻ ቦሌ በአየር 253 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ጎዴ 625። ድምሩ 880 ይመጣል። በቦሌ መዞሩ የሚጨምርብህ 170 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአየር ላይ ይህ የሩብ ሰዓት ነገር ነው። ጊዜህን የሚበላው ዙሪያው አይደለም። ሁለት ጊዜ መነሳት፣ ሁለት ጊዜ ማረፍና በመሃል ቦሌ ላይ የምትቀመጠው መቀመጥ ነው። በአየር ላይ የምትሆነው ተደምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ቀኑ ግን ሙሉ ቀን ነው።

የጠባሴው

ወንድሜ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፤ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ምክሬ ቦሌ ነው። ቀጥ ብለህ በመኪና ና።

ምክንያቴን ልንገርህ። የኮምቦልቻው አውሮፕላን ከቦሌ ተነስቶ ይሄዳል፣ ሰው አራግፎ ሰው ጭኖ ወዲያው ይመለሳል። ጠዋት ቦሌ ላይ ጭጋግ ቢሆን ወይ ሌላ ነገር ቢያቆየው አንተ ኮምቦልቻ ላይ ቁጭ ነህ። እሱ ሲዘገይ የጎዴው ያመልጥሃል። በመኪና ስትመጣ ግን ሰዓቱ በእጅህ ነው። ከአጣዬ ጠዋት ተነስተህ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና አድርገህ ጣርማ በርን ትወጣለህ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ፤ ከዚያ ለአዲስ አበባ የቀረህ 130 ኪሎሜትር ነው። ላምበረት ትወርዳለህ። ከላምበረት ቦሌ ደግሞ በራይድ ቅርብ ነው። አድረህ በማግሥቱ ትበራለህ።

አንድ ነገር ብቻ፤ ጣርማ በርን በጊዜ እለፍ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ዋሻው መግቢያ ላይ ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና አይታይም። እናት ይዞ በዚያ ሰዓት አይኬድም።

የቲኬት ቢሮው

ለብዙ ጊዜ ቲኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ቲኬቱ እኔ ልናገር።

ከኮምቦልቻ የምትነሳ ከሆነ ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት አስቆርጥ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ዋጋ ይቀንሳል ብለህ ወይም አንድ ሰው በለው ብሎህ ኮምቦልቻ–አዲስ አበባን ለብቻ፣ አዲስ አበባ–ጎዴን ለብቻ እንዳትገዛ። በአንድ ቲኬት ሲሆን የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥህ በሚቀጥለው በረራ ቦታ የሚፈልግልህ አየር መንገዱ ነው። በሁለት ቲኬት ሲሆን ያመለጠህ ያንተ ዕዳ ነው፤ ቆጣሪ ላይ ያለችው ልጅ ብታዝንልህም የምታደርግልህ ነገር የላትም። ሻንጣህም በአንድ ቲኬት ሲሆን እስከ ጎዴ ሊለጠፍልህ ይችላል። ኮምቦልቻ ላይ «እስከ ጎዴ ነው የተለጠፈው?» ብለህ ጠይቅ፣ ወረቀቷንም እያት።

ስትፈልግ ኮምቦልቻን ካላገኘሃት ደሴ ብለህ ሞክር፤ የማረፊያው መለያ ፊደሎች ከደሴ ስም የተወሰዱ ናቸው፣ ዲ ኤስ ኢ። ጎዴ ጂ ዲ ኢ ናት።

ከቦሌ ጎዴ የሚሄደው በረራ በቀጥታ ይሁን በመሃል ሌላ ከተማ የሚያርፍ ይሁን አስቀድመህ ጠይቅ። ጅግጅጋ ወይም ቀብሪ ደሃር ነክቶ ከሆነ የሚሄደው፣ እናትህ ደርሰናል ብለው እንዳይነሱ አስቀድመህ ንገራቸው። በረራዎቹም ሁሌ በየቀኑ ናቸው ብለህ አትነሳ። የሳምንቱን ቀናት አይተህ ሁለቱ የሚገጣጠሙበትን ቀን ምረጥ፤ መጀመሪያ የጎዴውን ቀን ያዝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠር።

የኤፍራታው

እግዜር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ገባኝ። ግን ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የጠባሴው ወንድሜ፣ የመኪናው መንገድ ሰላም በሆነ ጊዜ ያልከው ልክ ነው። የአካባቢያችንን ነገር ታውቀዋለህ፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። እናቴ ደግሞ ረጅም መንገድ ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል። ኮምቦልቻን የማስበው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ግፊት አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች። ሰዎች «ላይ አየር የለም፣ ትታፈናለች» ብለው አስፈራርተዋታል። ጆሮም ይደፍናል ይላሉ። ይዛ የምትሄደው ዕቃም ሌላ ጭንቅ ነው፤ የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ ቅቤ፣ ላይኛው ላይ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ።

እና ሰው ለምን ቀጥታ በረራ አይኖርም? 170 ኪሎሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ ካልን ባይኖርም ግድ የለም፤ ግን ማወቅ ፈልጌ ነው።

የመሃል ሜዳዋ

ስለ እናት ስለሆነ ገባሁ። እኔም እናቴን ከመንዝ አውጥቼ አብሬ በርሬያለሁ፤ ከመሳፈሯ በፊት የሰማችው ወሬ ነበር ያደከማት፤ በረራው አልነበረም።

«አየር የለም» የሚለውን ተዉት በላቸው። የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ታምቆ ነው የሚያዘው። ውጪ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ውስጡ ያለው አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚያስተነፍሰው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት። መሃል ሜዳ ከ3,000 በላይ ናት። ስለዚህ እናትህ ደብረ ብርሃን መጥተው ካደሩና ካልታመሙ አውሮፕላኑ ከዚያ የከፋ አይደለም። በመኪና ብትመጡ ጣርማ በር ላይ የምታልፉት ከፍታ ከአውሮፕላኑ ውስጡ ይበልጣል። ይህንን ንገራት፤ አገሯን ስለምታውቅ ይገባታል።

የግፊት መድኃኒቷ ግን በእጅ ቦርሳ ይሁን። ከሻንጣ ጋር እንዳይገባ። ከመሄዳችሁ በፊትም የሚከታተላትን ሐኪም አማክሩ፣ ፍቀድልን በሉት።

ጆሮ የሚደፍነው በብዛት ሲወርድ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቦሌ ከ2,300 በላይ፣ ጎዴ ግን ወደ 250 ሜትር ትወርዳለች። ስለዚህ የሁለተኛው በረራ መውረጃ ይጠነክራል። ከረሜላ ያዝላት፤ መውረድ ሲጀምር ትጥባ፣ ምራቋን ትዋጥ። እንቅልፍ ከወሰዳት ቀስቅሳት፤ ተኝታ ስትወርድ ነው የሚያማት። ጉንፋን ካለባት ቀኑን ብታዘዋውሩ ይሻላል።

ብርድ ልብሱን ተወው በላት፤ ጎዴ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የዋቢ ሸበሌ ቆላ ነው። በምትኩ ስስ ነጠላና የሚቀየር ቀሚስ ትያዝ። ኪሎ ላይም ያተርፍላችኋል፤ ብርድ ልብሱ የሚይዘውን ቦታ በሶው ይያዘው። ቅቤውን አንጥሯት። ያልነጠረ ቅቤ ጎዴ ሳይደርስ ይቀልጥና ሻንጣውን ያበላሻል። ክዳኑ በሚጠብቅ ላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ፣ በፕላስተር ዙሪያውን አጥብቃችሁ፣ በፌስታል ደርባችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። በእጅ ይዛው ፍተሻ ላይ ክርክር ውስጥ አትግባ።

ካርታ ወዳጅ

ለምን ቀጥታ የለም ላልከው። ኪው 400 ወደ 78 ሰው ይጭናል። ከኮምቦልቻ ጎዴ በአንድ ቀን የሚሄድ 78 ሰው ከየት ይመጣል? በሳምንትም አይሞላም። ቦሌ ላይ ግን ከኮምቦልቻ የመጣው ሰው ይበተናል፤ አንዱ ጅማ፣ አንዱ አርባ ምንጭ፣ አንዱ ዱባይ፣ አንተ ጎዴ። የጎዴውም አውሮፕላን እንዲሁ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ይሞላል። ጥገናውም፣ ተተኪ አብራሪውም፣ ትርፍ አውሮፕላኑም ያለው ቦሌ ነው። ትንሽ ማረፊያ ላይ አውሮፕላን ቢበላሽ መካኒኩም ዕቃውም ከቦሌ ነው የሚሄደው።

ከቦሌ ውጭ ከተማ ከከተማ የሚያገናኝ በረራ በአገራችን ጨርሶ ኖሮ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። በሰሜኑ የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የላሊበላና የአክሱም መስመር ለረጅም ጊዜ እርስ በርሱ እየተያያዘ ሲበረርበት ኖሯል፤ ቱሪስቱ ይሞላው ነበርና። ሰው ባለበት መስመር ይከፈታል።

ሌላም አለ፤ ትንንሾቹ ማረፊያዎች በብዛት የሚሠሩት በቀን ብርሃን ነው። አንድ አውሮፕላን ከጠዋት እስከ ማታ ሊነካቸው የሚችለው ከተሞች የተቆጠሩ ናቸው። ደግሞ የእኛ ማረፊያዎች ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጭነት ይቀነሳል። ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበች ናት፤ የጎፍን ታውቀዋለህ። አብራሪው ቀጥ ብሎ አይነሳም፣ ዞሮ ከፍታ ይዞ ነው የሚሄደው። በክረምት ደግሞ ደመናውን ለመሸሽ ይዞራል። በገጹ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ትኬት ላይ የተጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ግን መሬት ላይ የሚንከላወስበትንም ጨምሮ ነው፣ እሱን ተከተል።

የጠባሴው

የእናታችንን እግር ከሰማሁ በኋላ ይህን እጨምራለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነና በመኪና የምትመጡ ከሆነ በአንድ ቀን አታድርጉት፤ ደብረ ብርሃን እደሩ። አልጋ ሞልቷል። በማግሥቱ ጠዋት በጫጫ፣ በሸኖ፣ በሰንዳፋ አድርጋችሁ እስከ ምሳ አዲስ አበባ ናችሁ። የአውሮፕላኑ ቀን ከዚያ በማግሥቱ ይሁን። ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው፤ ግን ለእሷ የሚቀለው ይህ ነው። በተነሳችሁበት ቀን ልብረር የሚለውን ሐሳብ ከጭንቅላትህ አውጣ፤ አንድ የተበላሸ መኪና ጣርማ በር ላይ ቆሞ ሰልፉ ከተዘጋ ቀኑ አለቀ።

ኮምቦልቻን ከመረጥክ ግን ከአጣዬ ማለዳ ተነስቼ እደርሳለሁ አትበል። ከዋዜማው ኮምቦልቻ ግባ፣ እደር። መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥም አይታወቅም።

የኤፍራታው

እሺ፣ እንዲህ ወሰንኩ። ከኮምቦልቻ ነው። በዋዜማው ገብተን እናድራለን፤ ቲኬቱን በአንድ አስቆርጣለሁ። ቦሌ የሚያገናኝ የዚያኑ ቀን በረራ ከሌለ አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ጋ እናድራለን፤ ያኔ እሷም ታርፋለች። የኮምቦልቻው በረራ ከተሰረዘ ወይ መንገዱ ወደዚያ ከተዘጋ ነው በደብረ ብርሃን የምመጣው፤ ለዚህ ብዬ ከእህቴ መውለጃ ሁለት ሳምንት አስቀድመን እንነሳለን። ለእናቴ «አየር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መንገዱ ግን ሁለት ቀን» ብያታለሁ፤ ሁለት ቀን ስላት ቀለላት እንጂ አልከበዳትም። የጣርማ በሩን ከፍታ ስነግራትማ «እሱንማ በእግሬ ወጥቼዋለሁ» አለች።

የቲኬት ቢሮው ወንድሜ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በእኛ ነው በፈረንጅ?

የቲኬት ቢሮው

በፈረንጅ ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም። 06:30 የሚል ካየህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። 13:00 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት። ስድስት ሰዓት ቀንስ። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ቀይረህ ቲኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍበት፤ በ15 ነው ሲባል በየትኛው 15 እንደሆነ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይወቅ። በዚህ የተነሳ በማግሥቱ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መታወቂያ ያዙ፤ የእናትህ የቀበሌው ጊዜው ካለፈበት አሁኑኑ አሳድሱላት፤ ፋይዳ ካላት እሱንም ይዛ ትምጣ። ቲኬት ስታስቆርጥ ስሟን በፈረንጅ ፊደል በቃል አትንገራቸው፣ መታወቂያዋ ላይ እንደተጻፈ አሳያቸው። የእኛ ስም በየሰው ብዕር አንድ ፊደል ይለዋወጣል፤ የአባት ስም ላይ አንድ ፊደል ሲሳሳት ቆጣሪው ላይ ሊያቆሙህ ይችላሉ፣ ማስተካከያውም ጊዜ ይወስዳል።

ቲኬቱን ስትቆርጥ ደግሞ «አዛውንት ናቸው፣ እግራቸውን ያማቸዋል» ብለህ ተሽከርካሪ ወንበር አስመዝግብላት። ለዚህ ክፍያ የለውም። ቦሌ ላይ ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የሚገፋላት ሰው ይመጣል፤ አንተም ከእሷ ጋር ታልፋለህ።